ሶፋው ውስጥ የነበረው ጠጉር

ልጅ እያለሁ በሰቆጣ ከተማ ሶፋ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሶፋ ካልነው ነው እንጂ አንድ እግሩ የጠፋ፣ በድንጋይ የተደገፈ፣ ቀይ ከፋዩ በአቧራና በፀሐይ የገረጣ ነገር ነው። አባቴ የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ለፍርድ ቤቱ ከደሴ አዲስ ወንበር ሲመጣ፣ ጣልያን ጥሎት የሄደውን ይህን አሮጌ ሶፋ ለእሱ ሰጡትና በአራት ሰው ሸክም ቤታችን ገባ። ስንቀመጥበት የብረት ሞላው ሲጥ ይላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ የረጠበ ከብት የመሰለ ሽታ ይሸታል። እኔ ውስጡ ምን እንዳለ ስለማላውቅ አንድም ቀን ተመችቶኝ ተቀምጬበት አላውቅም። ከትንሽነቴ ጀምሮ ጠርጣራ ነበርኩ፤ አዋላጇንም በጎሪጥ እያየሁ የተወለድኩ ይመስለኛል። አባቴ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለውን ተረት ሲያበዛ እኔን የሚያሞግስ ይመስለኝ ነበር።

ታላቅ እህቴ ፈንታዬ ለአንድ ዲያቆን ታጨች። የዲያቆኑ አባት መሪጌታ ናቸው፤ በአገሩ የተከበሩ፣ በሥርዓት የማይደራደሩ ሰው። ልጃቸው በቁርባን ተጋብቶ ቅስና ሊቀበል ስለሆነ የምትመጣው ልጅም፣ የምትወጣበት ቤትም፣ ይዛው የምትገባው ዕቃም ነቀፋ ሊገኝበት አይገባም ነበር። አባቴ ልጁን ባዶ እጇን ለመዳር አልፈለገም። ያን ጊዜ ደህና ኑሮ አለው የሚባለውም ሰው የሚተኛው መደብ ላይ ነው። እሱ ግን የጠፍር አልጋ ሊያሠራላት ቆረጠ፤ ራስጌው ደግሞ ከሶፋው መደገፊያ ተፈልቅቆ የሚሠራ፣ ከፋይ የለበሰ፣ ሰቆጣ አይታው የማታውቀው ዓይነት።

ሥራውን የያዘው አያ ካሳ የሚባል አናጢ ነው። ሙያውን የለመደው በጣልያን ጊዜ ለጣልያኖች የቀን ሥራ ሲሠራ ነው ይባላል፤ ይኼ ብቻውን ለሐሜት ይበቃው ነበር። የእጅ ባለሙያ መሆኑ ሲጨመርበት ደግሞ እናቶች እሱ ሲያልፍ ልጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይሸጉጡ ነበር፤ ዓይኑን ይፈሩታል። አባቴ ከላስታ የመጣ በመሆኑ የአገሬው ቋንቋ ኽምጣና ቤታችን ውስጥ አይነገርም ነበርና፣ አያ ካሳና ሚስቱ በኽምጣና ሲያወሩ ስሰማ ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

ምሳውን የማደርስለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሥራ ቤቱ ስገባ ሶፋውን በጀርባው አጋድሞ ሆዱን ዘርግፎታል። ከውስጡ ጥቁር፣ ጥቅልል ያለ ጠጉር እየመዘዘ ጆንያ ውስጥ ይጠቀጥቃል። ብዙ ነው። እኔን ሲያይ ደነገጠና ጆንያውን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ አደረገው።

"ይኼን ለሰው እንዳትነግሪ፣ እሺ ልጄ?" አለኝ። ከከፋዩም መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆርጦ "ለአሻንጉሊትሽ ልብስ ይሁንሽ" ብሎ ሰጠኝ።

ተቀበልኩት። ጥርጣሬዬ የባሰውም ያኔ ነው። ሰው ደብቂልኝ ካለ የሚደበቅ ነገር አለ፤ ስጦታ ከጨመረበትማ አለቀ። ዘወር ሲልልኝ ከጆንያው ትንሽ ጠጉር መዘዝኩና በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ፣ አብራን ወደምትኖረው የአባቴ እህት ሮጥኩ።

የአክስቴ ባል በጣልያን ጊዜ ተይዞ ሄዶ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ጎፈሬያም ነበር ይላሉ። ጠጉሩን ከእጄ ተቀብላ በጣቶቿ መሃል አሸችው፣ አሸተተችው።

"የሰው ነው" አለች በመጨረሻ። "ጣልያን የፈጀው ሰው ጠጉር ነው። ይኼን ሁሉ ዘመን ላዩ ላይ ተቀምጠን ኖርን።"

እያለቀሰች ነው የተናገረችው። እኔም አመንኳት፤ እንባ ማስረጃ ይመስለኝ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሦስተኛው ቀን ገበያው ሁሉ፣ ካሳ የሙታን ጠጉር ለድግምት ያከማቻል፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊም ለልጁ በዚያ ራስጌ እያሠራላት ነው ይል ጀመር። መሪጌታ ሽማግሌ ላኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከገባበት ቤት ልጅ አልወስድም አሉ። ለሰርጉ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር፤ ጠላው ተጠንስሷል። እህቴ ጓዳ ገብታ እህል አልቀምስም አለች። ለዲያቆን ታጭታ የቀረች ልጅ ለምን እንደቀረች የሚጠይቃት የለም፤ ሁሉም የመሰለውን ምክንያት ይለጥፍባታል።

አባቴ መሪጌታን ለመናቸው፤ ራስጌው በሰው ፊት ይቀደድና ከዚያ የፈቀዱትን ይወስኑ ብሎ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢያችን በሰው ሞላ። አያ ካሳ ራስጌውን በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ ለክብሩ ግን አልነበረም። ከፋዩ ተቦርሾ ቀለሙ ተመልሷል፤ ዙሪያውን በወይራ እንጨት ተከቧል። እንዲያ ያማረ ዕቃ አይቼ አላውቅም፤ ፈራሁት።

"ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" አሉ መሪጌታ። "በል ቅደደው።"

"እርስዎ ይቅደዱት። እኔ ከነካሁት አንድ ነገር አደረገበት ይባላል" ብሎ ቢላዋውን አቀበላቸው።

ከፋዩ ተተረተረ። ውስጡ ነጭ ነው፤ ታጥቦ የተባዘተ የበግ ጠጉር። መሪጌታ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ሰደው ፈለጉ፤ ሌላ ነገር አላገኙም። ያኔ አክስቴ መቀነቷን ፈትታ ያን ጥቁር ጠጉር አወጣች። "ይኼስ?" አለችው።

"የፈረስ ነው፤ ጋማና ጭራ" አለ አያ ካሳ። "ጣልያን ወንበሩን የሚሞላው በዚያ ነው፤ አብሬያቸው ስሠራ አይቻለሁ። ዲያቆን ጸሎት አድርሶ ራሱን የሚያሳርፍበት ነው፣ የርኩስ እንስሳ ጠጉር አለበት ተብሎ ኋላ ለልጅቱ ሰበብ እንዳይሆንባት ብዬ አወጣሁት። ነጩ ሚስቴ የብርድ ልብስ ባና ልታሠራበት ያስቀመጠችው ነው። ጥቁሩን ለኮርቻ ሰፊው ሰጥቼዋለሁ፤ ጠይቁት።"

"ታዲያ ለምን ደበቅኸው?" አሉ መሪጌታ።

"የፈረስ ጠጉር ነበረበት ብዬ ብናገር ራስጌውን ቤታችሁ ታስገቡት ነበር?"

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ "ወሬው ከማን ወጣ? ጆንያውን ያየ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ።

ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም ያውቃል። ዓይኑ ሰዉን ሁሉ አልፎ እናቴ ጀርባ የተሸጎጥኩት እኔ ላይ አረፈ።

"እኔ እንጃ" አለ። "መንገደኛ ይሆናል።"

አክስቴም ጠጉሩን ያመጣሁላት እኔ መሆኔን አላወጣችም። የፈረስ መሆኑን ሰምታም ጠጉሩን መልሳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። አያ ካሳ የጆንያ መርፌውን አውጥቶ የተቀደደውን እዚያው ሰፋው፤ ሰርጉም በቀኑ ሆነ። እህቴ በዚያ አልጋ ላይ ስድስት ልጆች ወለደች።

አያ ካሳ ግን ድሮ ከፍቶት የሚሠራበትን በር ከዚያ በኋላ ይዘጋው ጀመር። ሌላ ሥራ ስናሠራው ምሳ ይዤለት ስሄድም ከደጅ ነው የሚቀበለኝ፤ "ተባረኪ" ይለኛል፤ ይዘጋል። ሰዉ ደግሞ "ዘግቶ የሚሠራው ምን ቢሆን ነው?" እያለ ከበፊቱ የባሰ ጠረጠረው። ለምን እንደዘጋው የማውቀው እኔ ነበርኩ። በሽማግሌዎች ፊት የጠራ ነገር እንደገና ደፈረሰ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ ራስጌ የሚሠሩ ልጆች ሥራቸው መንገድ ዳር ነው። ስፖንጁም ከፋዩም በግላጭ ተዘርግቷል፤ ባጃጅ በአጠገባቸው ያልፋል፤ ዓይናቸውን ፈርቶ ልጁን የሚደብቅ የለም። ቆሜ ሳያቸው "እማማ፣ ምን እንሥራልዎት?" ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ይቆጨኛል። አያ ካሳ ያን እሑድ ስሜን ስላልጠራብኝ ዕድሜዬን ሙሉ በልቤ አመስግኜዋለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት ግን፣ በሕይወት ሳለ፣ አንድም ቀን በሩን አላንኳኳሁም።