ዱዓ ለዘፋኟ

ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሽርጣቸው በእጥበት ብዛት ቀለሙን ለቋል። ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ለሰላምታዬ «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ።

ራዲዮኑ ሜላት የምትባል ልጅ በዓለም አቀፉ የዘፈን ውድድር ለአገራችን የመጀመሪያውን ድል እንዳስገኘች ሲናገር መኪናው በጭብጨባ ተናጋ። ሽማግሌው አላጨበጨቡም። ዘፈኗ ሲጀምር ግን ወደ ድምፁ ጠጋ አሉ፤ ኮፊያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

«አባባ፣ ለልጅቷ ዱዓ ያድርጉላት እንጂ» አለች ከኋላችን የተቀመጠች ሴት።

መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያ አላህ፣ ኡምኩልሱምን በሰላም ለአገሯ አብቃት።»

«አሚን» አልን።

«ሜላት ነው እኮ ያሏት» አልኳቸው።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ሜላት? እንግዲህ አላህ የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል» አሉ።

ሴትዮዋ ሳቀች። እኔ ግን ተሳስተው ይሁን አይሁን መለየት አቃተኝ። ከሚሴ ከእኔ ቀድመው ወረዱ፤ ጥቂት ሄደው ተመለሱና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ስለ ጉሮሮዋ ያሉት ነገር የለም? ትንሽ ሆና፣ ኡምኩልሱም ስንላት፣ ብርድ አይስማማትም ነበር።»