ዱዋይት በር ላይ የሚቆምበት ምክንያት

ዱዋይት ማክራኪን በር ጋ ሲደርስ ይቆማል። እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ አምስት ሰከንድ ያህል ይጠብቅና ያልፋል። ሂዩረን ሐይቅ ዳር ባለው የኒውክሌር ማመንጫ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ ጨረር ሲያገኝ የሚጮኸው መለኪያ ማሽን ሳያሳልፈው ወደ ቤቱ ሄዶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እግሩ ግን ገና ጡረታ አልወጣም። እኔ የመንደራችን የኤልደርብሩክ ፖስታ አዳይ ስለሆንኩ ደጃፉ ላይ ቆሞ ባየሁት ቁጥር፣ "ምነው፣ ዛሬ ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?" እለዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ቀልዱ ሁሉ ጠፋ። ማመንጫው ተጠቅሞ የጨረሰው የኒውክሌር ነዳጅ ከመንደራችን ሥር፣ ስድስት መቶ ሜትር ወርዶ አለት ውስጥ ይቀበር ወይስ አይቀበር የሚል ሕዝበ ውሳኔ መጣብን። በየደጁ "አዎ" ወይም "አይሆንም" የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ባዶ የቀረው የዱዋይት ደጅ ብቻ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ልጁ ታንያ ስልሳ ላሞች ታልባለች፤ እሷ ደጅ ላይ ሦስት "አይሆንም" ቆመዋል።

ዱዋይት መቀመጥ አቃተው። አጥር ሲጠግን ይውላል፤ ያውም ያልተሰበረውን። አንድ ቀን መዶሻውን እንደያዘ፣ "ነዳጁን በገዛ እጄ ነው ያሸግኩት" አለኝ። "አሁን ሐይቁ ዳር ተደርድሮ ተቀምጧል። እዚያው ይቆይ ማለትም እኮ መወሰን ነው። ዝም ካልኩ ለልጅ ልጆቼ ጥዬው ሸሸሁ ማለት ነው።"

"ታንያስ?"

"'አዎ ካልክ ለማለብ እንዳትመጣ' ብላኛለች።"

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር የሚያወራው እዚያ በረት ውስጥ፣ ማለዳ ማለዳ ላሞቹ መሃል ነበር። ስለዚህ ነገሩ ቀላል አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ግን ተነሣ። አለቱ ከሐይቁ ዳር ይሻላል፣ አያሰጋም አለ። ታንያ ከኋላ ብድግ አለች።

"አባዬ፣ ወተቴን ማን ይገዛኛል? አለቱ ባያፈስም የመንደሩ ስም ይበከላል!"

ዱዋይት ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እጁን ዘረጋ።

"አንተ ዱዋይት!" ብሎ ጮኸ ከብት ነጋዴው ግሌን። "የማያሰጋ ከሆነ ምኑን ነው የምትፈተሸው?"

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ዱዋይት ጆሮው ቀልቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ወደ በረቱ አልሄደም። ፖስታ ሳድል መንገድ ላይ ሲመላለስ አገኘዋለሁ። በአራተኛው ቀን፣ ድምፅ በስልክ በሚሰጥበት ዕለት፣ ጥቅል ላደርስለት ገብቼ ሳለ ታንያ መጣች። ልወጣ ስል፣ "ቁጭ በል፣ አንተም ስማ" አለችኝና ወደ አባቷ ዞረች።

"ያ ማሽን ጮኾብህ ያውቃል?"

"ሁለቴ። አንዴ ጫማህ ተበክሏል ብለው ወስደውብኝ በካልሲ መኪና ነድቼ መጣሁ። አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር። ሮጠሽ ልታቅፊኝ ስትይ 'አትንኪኝ' አልኩሽ።"

"አስታውሳለሁ። የተቆጣኸኝ መስሎኝ ነበር።"

"ፈርቼ ነው። አሳጥበውኝ፣ ደጋግመው ለክተውኝ፣ ንጹሕ ነህ ብለውኝም ፈራሁ።"

"ይሄን ለምን አዳራሹ ውስጥ አልተናገርክም?"

"ብናገርማ 'አዎ'ን ማን ይመርጠው ነበር?"

"እኔ አልመርጠውም ነበር" አለች። "ግን አምንህ ነበር።"

ስልኳን አውጥታ እያየናት "አይሆንም" ብላ መረጠች። ዱዋይትም የራሱን አነሣ። "አዎ" ብሎ መረጠ።

"የአንዳችን ድምፅ የሌላውን ሻረው" አለች። "ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዳትዘገይ። ሠላሳ ሰባት ቁጥር ላም ካላንተ እየረገጠች አስቸግራኛለች።"

"አዎ" በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ታንያ ሰሌዳዎቿን አልነቀለችም፤ ዱዋይትም አሁን ድረስ አርፎ አይቀመጥም። ድምፅ በሰጡ ማግስት ጠዋት ፖስታ ይዤ ስደርስ ከበረቱ እየወጡ ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ታንያ ሁለት ባልዲ እንዳንጠለጠለች ከኋላው ቆማ ጠበቀችው።

"እለፍ፣ አባዬ" አለችው። "አልጮኸም።"