ሻምበል አሣሄል የገዛ ጎተራውን የከበበ ዕለት

አሣሄል ፕላምሊ ሻምበል የሆነው በሌለበት ነው። በቬርሞንት ኮረብቶች መካከል ያለችው የሃርሎው መንደር ገበሬዎች በ1831 የሚሊሻቸውን አዛዥ ሊመርጡ ሲሰበሰቡ፣ እሱ ጭቃ የዋጠውን በሬውን እየጎተተ ነበር። የተሰበሰበው ሁሉ ሹመቱን እምቢ አለ፤ እምቢ ለማለት ያልቻለው ከስብሰባው የቀረው ሰው ብቻ ነበር።

ሰይፉን ከሟቹ ሻምበል ሚስት ተዋሰ። ከሠላሳ አራቱ ወታደሮቹ ጠመንጃ ያላቸው ዘጠኝ ናቸው፤ ሌላው መንሽም የበቆሎ አገዳም ይዞ ይሰለፋል፤ አንዱማ የሚስቱን ዣንጥላ ነበር የሚሸከመው። አሣሄል ግን ነገሩን ከልቡ ያዘው። እርሻ ላይ ሳይቀር ትእዛዙን እየጮኸ ስለሚለማመድ፣ ከወታደሮቹ ቀድመው ሰልፍ ያወቁት በሬዎቹ ናቸው።

በሦስተኛው ዓመት የሚሊሻው የበላይ አዛዥ የሆነው ኮሎኔል ለጉብኝት እንደሚመጣ፣ የይስሙላ ውጊያም ማየት እንደሚፈልግ ላከ። ለውጊያው ምሽግ ያስፈልጋል፤ በመንደሩ ደልዳላ ሜዳ ላይ ያለው ደግሞ የአሣሄል ሰፊ የሳንቃ ጎተራ ብቻ ነው። ስድስት ሰዎች ጠላት ሆነው እንዲገቡበት፣ ሻምበሉ እንዲከባቸው፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት እጅ እንዲሰጡ ተስማሙ። አሣሄል ለሚስቱ ለሐፍሴባ መንገር ረሳ።

ሐፍሴባ የዚያን ቀን ጎተራው ውስጥ እንዲደርቅ የደረደረችውን ሃያ ሁለት ክብ አይብ እያገላበጠች ነበር። ስድስቱ ጠላቶች ጭቃ በጠገበ ጫማ ዘው ሲሉባት፣ ጫማቸውን አስወልቃ መጥረጊያ አስጨበጠቻቸውና በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከበሮው ተመታ፣ ባሩዱ ጨሰ፤ እጅ የሚሰጥ ጠፋ። ሻምበሉ ሰይፉን እንደመዘዘ ሄዶ በሩን አንኳኳ።

"እጅ ስጡ" አለ።

"ማነው?" አለች ሐፍሴባ።

"ሻምበል ፕላምሊ ነኝ።"

"ሻምበሉን አላውቀውም። ባሌ ከሆንክ ጫማህን አውልቅ።"

ኮሎኔሉ ፈረሱን አስጠግቶ ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቀ። አሣሄል ምሽጉ ድርድር ጠይቋል ብሎ መለሰ። ይሄኔ ከጠላቶቹ አንዱ፣ ጎረቤቱ ኦባድያ፣ አፉን ከሳንቃው ስንጥቅ አስጠጋ።

"አሣሄል፣ እኛማ እጅ ከሰጠን ቆየን" አለ በሹክሹክታ። "ችግሩ የሰጠነው ለሷ ነው።"

በሩን እንዳይሰብር፣ ክረምቱን ሙሉ ለፍቶ የሠራው የገዛ እጁ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ዝናብ መጣ። አሣሄል ወደ ሰልፉ ዞሮ፣ በሕይወቱ አሳይቶት በማያውቀው ግርማ፣ ጫማ እንዲወልቅ አዘዘ። ሃያ ስምንቱም አወለቁ። ኮሎኔሉ ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ከፈረሱ ወርዶ ቦት ጫማውን ማውለቅ ቢያቅተው፣ ሁለት ወታደሮች ጎትተው አወለቁለት።

ሐፍሴባ በሩን ከፍታ እግራቸውን አንድ በአንድ እያየች አስገባቻቸው፤ አይብ ቆረሰችላቸው፣ የፖም ጠጅ ቀዳችላቸው። ኮሎኔሉ በሪፖርቱ ምሽጉ ያለ ደም መፍሰስ ተያዘ ብሎ ጻፈ፤ ማን እንደያዘው ግን አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሐፍሴባን ጄኔራል ይላት ጀመር። አሣሄል ቅር አላለውም። ሚሊሻው እየሳሳ ሄዶ ሲቀርም፣ እሱ እስከ ሰባ አራት ዓመቱ ድንቹን ተከለ፣ በጎቹን ሸለተ። ስለ ጦር ሜዳ የሚጠይቀው ሲገኝ ትንሽ አሰብ ያደርግና፣ ያን ዕለት ወለሉ በጣም ይቀዘቅዝ እንደነበር ይናገራል።