ያላሸሁት እግር

«ጫማ አጥብቅ!» ተባልን። ወደ ግንባር የተነሳንበት ትእዛዝ ይኸው ነው፤ ሌላ ንግግር አልነበረውም። የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። ሊማሊሞን በማኪና ወርደን ዛሪማ ስንደርስ፣ ማኪኖቹ ለጥይት ጭነት ይፈለጋሉ ተባለና ከነአቧራችን አወረዱን። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በእግር ጀመርን። ዛሬ አራዳ ሱቄ በር ላይ ቆማችሁ «ኑሩ እግር አላሽም ብሎ ሰው ይመልሳል» እያላችሁ የምትስቁ ልጆች፣ ስሙኝ። አዎ፣ እመልሳለሁ። ነገም እመልሳለሁ።

እኔ የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። አጎቴ ግን ወጌሻ ነበር፤ እጄን ያሠለጠነው እሱ ነው። መቶው በሚባለው የጦር ክፍላችን ውስጥ ይህ ሲሰማ ለብዙው ሰው ስሜ ተረሳ። ከዚያ ወዲያ «ወጌሻው!» ሆንኩ።

የቆላው መንገድ ደገኛውን ጨረሰው። ሸክሙ፣ ሙቀቱ፣ አሸዋው ተደማምሮ ባታችን ድንጋይ ሆነ። ቁጭ ያለ መነሳት ያቅተዋል። እረፍት በተባልን ቁጥር ሱሪውን የሰበሰበ ሰው ከፊቴ ይደረደራል። ቅቤ ከየት ይመጣል? ወጥ ቤቱን ለምኜ በቆርቆሮ ዘይት ያዝኩ። ጾም ስለነበር ክርስቲያኖቹ ይበልጥ ደስ አላቸው፤ በቅቤ ቢሆን ኖሮ ግማሹ እግሬን አትንካ ይለኝ ነበር። ማሬ የሚባል የዳባት ገበሬ ነበር፣ አፉ የማያርፍ። «አያ ኑሩ፣ ምነው የክላሽ ዘይት አታደርግበትም? ዝገቱን ይለቅ ነበር» ይለኛል። አጠገቡ የመንደሩ ልጅ ጥጋቡ አለ። አብረው አድገው፣ አብረው ተመዝግበው፣ በአንድ ብርድ ልብስ የሚያድሩ ናቸው። ጥጋቡ ቁም ነገረኛ ነው፣ ማሬ ሲቀልድ እሱ ያፍርለታል።

ማሸት ምን ይጠቅማል ብትሉኝ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። የተኮማተረ ጡንቻ ቀስ ብሎ ሲታሽ ይላላል። ሕመሙ ጋብ ይላል። ሰውየው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሲነጋም ተነስቶ ጫማውን ያጠብቃል። ነገ መልሶ ሊያመው ይችላል፤ ግን ነገን ተራምዷል። ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ በዚያ መንገድ ይሂድና ይሞክረው። ከዚህ በላይ ያድናል የሚል ደግሞ ውሸታም ነው፤ ወጌሻም ቢሆን ውሸታም ነው።

አሁን ስለ አንድ ቃል ልንገራችሁ። በእኛ አገር ከጉልበት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ወለምታ ነው። ቢሰበርም ወለምታ፣ ቢያብጥም ወለምታ። መቶው ውስጥ ቃሉ ሌላ ሥራ አገኘ። ወለም ያለው ሰው ለወጌሻ ነው የሚሰጠው፣ ሐኪም ዘንድ አይቀርብም። ሐኪም ያላየው ደግሞ ወደ ኋላ አይላክም። ስለዚህ ጓዱን ጥሎ መሄድ ያልፈለገ ሁሉ፣ ምንም ይመመው ምን፣ «ወለም ብሎኝ ነው» ይላል። እኛም እናውቃለን፣ አለቆቻችንም ያውቃሉ፣ ሁላችንም ዝም ነው።

ተከዜን ተሻግረን ምሽግ ያዝን። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ቀና ያለ ስለሚመታ ቀኑን ሙሉ ተኝተን ወይ ተኮራምተን እንውላለን። አንድ ረፋድ ከጎናችን ካለው መቶ ጩኸት ሰማን። አንድ ወታደር ባቱ አብጦበት «ወለምታ ነው» ብሎ ጓደኛው በተረከዙ ጭምር እየረገጠ አሽቶለታል። ሰውየው «ቀለለኝ» ብሎ ተነሳ። ጥቂት እንደተራመደ ደረቱን ያዘ፣ አየር አጠረውና ወደቀ። ስንደርስ ሞቷል። ጥይት አልነካውም!

የሻለቃችን ሐኪም መጥቶ አየው። ያሸውን ልጅ አልተቆጣውም፤ ልጁ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። እኔን ግን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ብዙ የተኛና ብዙ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ደሙ በባቱ የደም ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የረጋው በማሸት ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ይገድላል። አንዱ እግር ብቻ አብጦ፣ ግሎ፣ ቆዳው ካብለጨለጨ እጅህን አንሳ። ወደኔ ላከው» አለኝ። «ቢለምኑኝስ?» አልኩት። «ያን ጊዜ ነው ሰው መሆንህ የሚታወቀው» አለኝ።

ብዙ ሳይቆይ ከፊታችን ያለውን ኮረብታ እንድንይዝ ታዘዝን። ማጥቃቱ ሲነጋ ነው ተባለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጥጋቡ እያነከሰ ወደኔ መጣ።

«አያ ኑሩ፣ ወለም ብሎኝ ነው። እሽልኝ።»

ሱሪውን ሰበሰብኩ። የግራ ባቱ ከቀኙ ወፍሯል። እጄን ሳሳርፍበት ይፋጃል።

«የት ረግጠህ ነው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ወለም ሲልህ የት ረገጥክ? ድንጋይ ነው? ጉድጓድ ነው?»

ሱሪውን ወደ ታች ይጎትት ጀመር። ወለምታ የተረገጠ ቦታ አለው፤ ያንን የሚረሳ ሰው የለም።

«አላሽም» አልኩት።

«ምነው! ሁሉን ስታሽ ከርመህ እኔን ብቻ?»

«አንተን ብቻ። ሐኪም ጋ ሂድ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ነገ ማሬ ወደ ኮረብታው ሲወጣ እኔ በማኪና ወደ ኋላ? መንደሬ ምን ይለኛል?» መለመን ጀመረ። ሲለምን እሱን ማየት አልቻልኩም፣ ዞር አልኩ።

የመቶ መሪያችን ሰምቶ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰው አንሶት ነበር።

«እሸው። ሰው ያስፈልገኛል።»

«አላሽም።»

«ትእዛዝ ነው!»

«ትእዛዝ ከሆነ ይተኩሱኝ» አልኩት። «ዘይቱ ይኸው፣ እግሩም ይኸው። ከደፈሩ እርስዎ ይሹት። እኔ በእጄ ወንድሜን አልገድልም!»

የመቶ መሪው ሲያፈጥብኝ ቆየ፣ ከዚያ ሐኪም አስጠራ። ሐኪሙ እግሩን እንዳየ ጥይት ይዞ የመጣው ማኪና ላይ አስጫነው። ማሬ ተንጠልጥሎ ቦርሳውን አቀበለውና «ሂድ ጃል፣ ሸጋ ሆነህ ና። ኮረብታውን ይዘን እንጠብቅሃለን» አለው። ጥጋቡ ቦርሳውን ተቀበለ። እኔን ነው ያየኝ። «ፈሪ አደረግከኝ» አለኝ።

ሲነጋ ተነሳን። ከባድ መሣሪያችን ቀደመ። ከዚያ እኛ። ፈንጂው የመጀመሪያዎቹን ወሰደ። መትረየስ ከቀኝ ያዘን። ተኛን። ተነሳን። የመጀመሪያው ምሽግ በቦምብ ተለቀቀ። ሁለተኛው ምሽግ አፋፍ ላይ የመቶ መሪያችን ወደቀ። ቀጠልን። ረፋዱ ላይ ኮረብታው በእጃችን ነበር።

ማሬን ያገኘሁት ከሁለተኛው ምሽግ ሥር ነው። ጭኑ ተከፍቷል። ቀበቶዬን ፈትቼ ከላይ አሰርኩት፣ በጉልበቴ ተጫንኩት። ደሙ እንቢ አለኝ። ማሬ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

«አያ ኑሩ፣ ወለም አለኝ» አለ።

እዚያው እጄ ላይ ቀረ።

ጦርነቱ አልቆ ስመለስ ከአባቴ ሱቅ ጓሮ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ጀርባ፣ ትከሻ፣ ወገብ አሻለሁ። የተሰበረ፣ የቆሰለ፣ ትኩሳት ያለው፣ አንድ እግሩ ያበጠ ከመጣ አልነካም፤ ሐኪም ዘንድ እሰደዋለሁ። «ሐኪም ምን ያውቃል!» ይሉኛል። «ወጌሻ ሁሉ ገዳይ ነው» የሚሉም አሉ። ኧረ ወዲያ! ሁለቱንም አልሰማም።

ከዓመታት በኋላ ጥጋቡ ደጄ ላይ ቆመ። የግራ እግሩ ዛሬም ማታ ማታ ያብጥበታል። ሰላምታ የለም።

«ታውቃለህ መንደር ምን እንደሚሉኝ?» አለኝ። «ወለምታው። ስሜ ወለምታው ሆነ! ማሬ ሲሞት እሱ ወለም ብሎኝ ነው ብሎ ሸሸ ይላሉ። የማሬ አባት አያ ካሴ ሰላምታዬን አይመልሱም። አንተ ነህ የጣልከኝ፣ አንተው አንሳኝ።»

እንዲህ ተባልኩ። ተናደድኩ፣ በመንደሩ እንጂ በእሱ አልነበረም። የማሬ ሙት ዓመት ሲደርስ ዳባት ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያም ዳገቱን በእግር ወጣሁ። መንደሩ ተሰብስቧል። እንግዳ ነው ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ንፍሮ አቀረቡልኝ። አልቀመስኩም። ተነስቼ ቆምኩ።

«ይኼን ልጅ ወለምታው ትሉታላችሁ አሉ» አልኩ። «ወለምታ አልነበረም። ደሙ እግሩ ውስጥ ረግቶ ነበር። ሞት ይዞ ነው እሽልኝና ልዋጋ ብሎ የለመነኝ። አልሸሸም፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት! አለቃዬ እሸው ሲለኝ እንቢ አልኩ፤ ዛሬም ቢሆን እንቢ እላለሁ። በዚያ ኮረብታ ከመቶአችን አሥራ አንድ ሰው ቀበርን። አሥራ ሁለተኛ ሬሳ ጎደለኝ የሚል ሰው እዚህ ካለ ይነሳና ይንገረኝ!»

ማንም አልተነሳም። ጥጋቡ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አያ ካሴ በትራቸውን ተደግፈው ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ ሲሞት አጠገቡ ነበርክ?» አሉኝ።

«ነበርኩ።»

«ምን አለ?»

ልዋሽ አሰብኩ። አገሬን ብሎ፣ እናቴን ብሎ ማለት ይቻል ነበር። ግን አልዋሸሁም። «ጭኑ ተመትቶ ሳለ ‹አያ ኑሩ፣ ወለም አለኝ› አለኝ» አልኳቸው። «እየሳቀ።»

ሽማግሌው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቁም ነበር። «ማሬ ነዋ» አሉ፣ «ማሬ ነው እንዲህ የሚል!» እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ወደ በሩ ዞሩ።

«ና ግባ ጥጋቡ። ምነው እንደ እንግዳ ትቆማለህ?»

ገብቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ሲስም ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ አያ ካሴ ቀኝ ትከሻቸውን እያሻሹ ወደኔ ተጠጉ። ከማረስ ብዛት ክንዳቸው አይነሳም። «እስቲ እየኝ» አሉኝ። ወድቀው እንደሆነ ጠየቅኩ፣ አልወደቁም። እብጠቱን ፈለግኩ፣ የለም። ግለቱን ፈለግኩ፣ የለም። የደከመ ጡንቻ ብቻ ነው።

«ይታሻል» አልኩ። «ቅቤ አምጡ።»

ያመጣው ጥጋቡ ነው።

አሥራ አንዱን ዛሬም በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ ከማሬ እጀምራለሁ፣ በመቶ መሪያችን እጨርሳለሁ። ይህ እጅ ከነሱ አንዱንም አላዳነም። ጥጋቡ ግን ልጅ ወለደ፣ ስሙንም ማሬ አለው። እንግዲህ እግራችሁ አብጦ ደጄ ስትመጡ «ወለምታ ነው» በሉኝ። መጀመሪያ የት እንደረገጣችሁ እጠይቃችኋለሁ።