ጉንዳን የሸሸው መሬት

ጆይቱን የምትባለው ሴት አፈር ከምትቆፍርበት የሩዝ ማሳ ጥግ ጉንዳን ጠፍቷል። ድሮ ዶማዋን ገና ስታሳርፍ እግሯን ይወረው ነበር፤ ዘንድሮ መሬቱ ዝም ብሏል። «አልሃምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ» አለችና ቅርጫቷን ሞላች።

ሥራዋ የሚበላ አፈር ማዘጋጀት ነው። ከጃሙና ወንዝ ዳር ባሉት መንደሮች ነፍሰ ጡር ሁሉ የሚያምራት እሱ ነው። ጭቃውን እንደ ብስኩት ቆርጣ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ በሩዝ ገለባ ጭስ ታጥነዋለች። ጥርስ ሥር ሲደቅ አፍ ውስጥ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ይመስላል።

ከማሳው አጠገብ ሁለት በጋ ሙሉ እንግዳ ሰዎች አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን ያቀልጡ ነበር። ጭሱ ሩዙ ላይ ያድር ነበር። በኋላ ሄዱ፤ ክረምቱም አመዱን አጠበው። ሰው ሁሉ እንደዚያ አለ።

ምራቷ ሸፋሊ ሰባት ወሯ ነው። የመጀመሪያው ሆዷ ውስጥ ሞቶባታል።

«እማ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ማሳውን ጨርሰሽ ወንዙን ልትጀምሪ ነው።»

«የሚበላው የልጅ ልጅዎ ነው፤ እኔ ምን አደረግኩ?»

በሳምንቱ በዚያው ጥግ ስትግጥ የከረመችው የጎረቤታቸው የሞክሌስ ላም ታመመች። ጥርሷን ታፋጫለች። ዓይኗ ፈጦ አያይም፤ ግድግዳውን በግንባሯ ስትገፋ ቆይታ ወደቀች።

«ዓይን ነው የበላት» አለች ጆይቱን።

ሞክሌስ ከላሟ ላይ ቀና አላለም። «የባትሪው እርሳስ ነው፣ አክስቴ። የከብት ሐኪሙ አፈሩ ውስጥ ገብቷል አለ።»

«ዝናብ አጥቦት የለ?»

«ወደ ታች አሰረገው እንጂ ወዴት ይወስደዋል?»

«እሳትስ አያጠራውም?»

«እዚህ የበተነውስ እሳት አይደል እንዴ?»

ጆይቱን ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ የማያጠራው ነገር የለም ብላ ነው የኖረችው። ተነስታ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ሸፋሊ ደጃፍ ተቀምጣ አፈሩን ታላምጣለች። ጆይቱን የምራቷን አፍ እንደ ሕፃን ፈልቅቃ በጣቷ አወጣችው።

«እማ፣ ምን ነካዎት?»

«ትፊው። ተጉመጥመጪ። መርዝ አለበት።»

ሸፋሊ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። «ለእርጉዟ ለኮሂኑርም ሰጥተዋታል። ለመምህሩ ሚስትም።»

«ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ እወስድሻለሁ። አሁን የሰጠሁትን ልልቀም።» ባዶ ቅርጫቷን አነሳች።

«እምቢ ቢሉስ? አምሯቸው እኮ ነው።»

ጆይቱን በማሳው ድንበር ላይ እየፈጠነች ሄደች፤ ግራና ቀኙ ሩዙ ለምልሟል፣ እንዲያ አምሮ አያውቅም። ሸፋሊ ቅርጫቱ እስኪሰወር አየቻት። አፏ ውስጥ የጭሱ ጣዕም ገና አለ፤ ሳታስበው ምራቋን ዋጠችው።