በቃሬዛው ፊት የተነገረ የሕይወት ታሪክ

ቃሊቲ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲ። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ እግር መዘርጊያ የለም። የቤቱ ካቦ፣ እሱም እንደኛው እስረኛ ሆኖ እኛን የሚያዝ፣ ከአንድ ሽማግሌ ህንዳዊ ጎን ቦታ ሰጠኝና በጆሮዬ፣ «ወሬ እንዳታበዛበት፤ ጆሮ ጠቢ ነው» አለኝ።

ጉድ እኮ ነው! ህንዳዊ ጆሮ ጠቢ አይቼ አላውቅም።

ሰውየው የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። ህንድ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ለማስተማር መጥተው በዚያው ቀሩ። ዕድሜያቸውን ስለ ብርሃን ሲመራመሩና ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የሳይንቲስቶችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ያዙ። ያሳሰራቸውም ይኸው ሙያ ነው፤ የአንድ ተቃዋሚ ፖለቲከኛን ታሪክ ሊጽፉ ሰው እየዞሩ ሲጠይቁ ተያዙ። እስር ቤትም አመላቸው አልለቀቃቸውም። «የት ተወለድክ? ማን አሳደገህ?» ይላሉ። እዚያ ቤት እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ ብቻ ነው። ሁሉም ሸሻቸው፤ «እንብላ» የሚላቸው እንኳ ጠፋ።

ያልሸሿቸው አንድ የአቃቂ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የባቡር መካኒክ የነበሩ፣ «ልጅህን አምጣ» ተብለው በልጃቸው ፈንታ የታሰሩ አዛውንት። ሳንባቸው አልቋል፤ ጠያቂም የላቸው። ሞትን አይፈሩም። «ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። እኔን ግን እንደ ውሻ ጎትተው ይጥሉኛል» ሲሉ አንጀቴን ይበሉታል።

ህንዱም አጠገባቸው ተቀምጠው፣ «እስቲ ይንገሩኝ» ይላሉ። ብዕር ክልክል ስለሆነ የሰሙትን ዓይናቸውን ጨፍነው ይደግሙታል። መካኒኩ ያርማሉ፤ «ተው እንጂ ሰውዬ፣ ሚስቴን በሠርግ ነው ያገባኋት፣ ጠልፌ አይደለም!»

ካቦው አንድ ቀን አላስቻለውም። «ይህን ሁሉ ለማን ልታቀብል ነው?» ሲል አፈጠጠባቸው።

«ለቀብራቸው» አሉ።

ካቦው ወደ ቦታው ተመለሰ።

አንድ ጠዋት መካኒኩ ሳይነሱ ቀሩ። ሁለት ፖሊሶች ቃሬዛ ይዘው መጥተው ሬሳውን ሊያወጡ ሲሉ ህንዱ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዞር በል!» አላቸው አንደኛው።

«የሕይወት ታሪካቸው ሳይሰማ አይወጡም።»

ፖሊሱ ዱላውን አነሣ። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። ካቦው ግን ሰው እየረገጠ መጥቶ ከህንዱ ጎን ቆመና፣ «ይቀጥሉ፣ ጋሼ» አላቸው። ያኔ ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ።

ህንዱ መካኒኩ ከተወለዱበት መንደር ጀመሩ። የመጀመሪያዋን ባቡር የጠገኑበትን ቀን፣ ሠርጋቸውን፣ የቀበሯቸውን ሁለት ልጆች፣ የታሰሩበትን ምክንያት ሳይቀር በጥሩ አማርኛ ተናገሩ። «ነፍስ ይማር» ስንል ቃሬዛው ወጣ። ከሰዓት በኋላ ህንዱን ጨለማ ቤት ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲህ አላየናቸውም።

ዛሬ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። ህንዱን ከአገር እንዳስወጧቸውና እዚያው አገራቸው እንዳረፉ የሰማሁት ቆይቶ ነው። ካቦውንና ሌላ አንድ ጓደኛችንን ቤቴ ጠራኋቸውና የህንዱን የሕይወት ታሪክ ልንናገር ተነሥተን ቆምን። ማስተማራቸውንና መታሰራቸውን እናውቃለን። ሚስት ይኑራቸው፣ ልጅ ይኑራቸው፣ ለምን እዚህ አገር እንደቀሩ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ቢሆንም የምናውቀውን አልን። አጭር ነበር።