ዜሮ አንድ ስምንት ዘጠኝ

ቁም ሳጥኑን ሳጸዳ፣ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሲያስወግደው የወሰድኩት አሮጌ ኪቦርድ ወጣ። አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ከምንም ጋር ሳላያይዘው፣ በግራ እጄ ከታች ያለችውን፣ አልት የምትባለዋን ቁልፍ ይዤ በቀኜ ዜሮ፣ አንድ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ አልኩ። ቀጭ ቀጭ አለ። ይህችን ቁጥር እጄ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ያን ጊዜ የቀናሁትን ቅናትም አልረሳሁትም። ላንቺ ልንገርሽ፣ እንዳትስቂብኝ ብቻ።

ያኔ ሆሳዕና፣ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር የተሻገርንበት ሰሞን ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሰው ድምፅ አይሰማም፤ ክፍሉ እርጥብ ካፖርትና የጋለ ፕሪንተር ይሸታል። ከሆመቾ የሚመላለስ አንድ የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ በእጁ የጻፈውን ሪፖርት የሚያመጣው ለእኔ ነው። በሀዲይኛ እንቀላለዳለን። በቆሎ ሲደርስ ሦስት አራት እሸት ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥልኛል። ምንም ያለኝ ነገር የለም፤ እኔ ግን በልቤ የሰርጉን ድግስ ጨርሼ ነበር።

የሱ ሪፖርት ታዲያ ግማሽና ሩብ ይበዛዋል፤ ግማሽ ሄክታር ስንዴ፣ ሩብ ኩንታል ዘር። ምልክታቸው ኪቦርዱ ላይ ስለሌለ፣ እኔ ቦታውን ባዶ እተወውና ሲታተም በእስክሪብቶ እሞላዋለሁ። ማንም ምን ነካሽ ብሎኝ አያውቅም፤ የዶዮገናዋ ልጅ እስክትመጣ ድረስ።

በዝውውር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በፍጥነት አትደርስብኝም። ግን ግማሽን ራሱን ኮምፒውተሩን ታስጽፈዋለች፤ አንድ ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ መሃል ላይ ሰረዝ፣ ልክ እንደ መጽሐፍ! ባለሙያው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ፣ "ወይ ጉድ! እጅሽ ይባረክ" አላት። ከዚያ ወዲያ ሪፖርቱም እሸቱም ወደሷ ጠረጴዛ ሄደ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ሳቁ ነው። እሷ የከምባታ ልጅ ስለሆነች የሚያወሩት በአማርኛ ነው። በአማርኛ እንደዚያ መሳቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

"አሳዪኝ" ማለት አንድ ቃል ነበር። ሞቼ ነው! ሳምንት ሙሉ ጣቶቿን በቆረጣ ስሰልል ከርሜ፣ ያችን ቁልፍ ይዛ የምትመታቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ለቃቅሜ መዳፌ ላይ ጻፍኳቸው።

አሟት የቀረች ዕለት ባለሙያው ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ሲያመነታ፣ "አምጣው፣ እኔም እችላለሁ" አልኩት። አጠገቤ ቆመ። ጣቶቼ ቁጥሮቹን ሳይስቱ ሄዱ፤ ዓይኔ ግን ስክሪኑ ላይ አልነበረም፣ እሱ ላይ ነበር። ስብሰባ ረፍዶበት ስለነበር ወረቀቱን ከነትኩሳቱ ይዞ ሮጠ።

ለካስ እሷ ምልክቷን ከመጻፏ በፊት ፊደሉን ወደ እንግሊዝኛ ትቀይረው ኖሯል! እኔ በአማርኛው ፊደል ስጽፈው፣ ግማሽ ባለበት ሁሉ "ዥ" ወጣ። ኃላፊው ስብሰባው ላይ ጮክ ብለው "በሄክታር ዥ ኩንታል" ብለው አነበቡ፤ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ባለሙያው ተመልሶ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አልተቆጣም።

"ምነው እህቴ፣ ባዶውን ብትተዪው ምን ነበረበት?" አለኝ። በአማርኛ ነው ያለኝ።

በማግስቱ የዶዮገናዋ ልጅ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ እያሳላት መጣች። ወሬውን ሰምታለች። እስክትስቅብኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወንበሯን ወደኔ ስባ እጄን ያዘችና ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠችው። "መጀመሪያ ፊደሉን ቀይሪ። ከዚያ ይህችን ሳትለቂ… ቆይ ግን፣ ምነው ሳትጠይቂኝ?" አለችኝ። ክፉ ብትሆንልኝ እኮ እፎይ እል ነበር። እጇ ትኩሳት ነበረው፤ ዛሬም ኪቦርዱን ስነካው ያ ሙቀት ትዝ አለኝ።

በጥር የሰርጋቸውን ጥሪ ይዛ የመጣችው እኔው ዘንድ ነው። "አንቺ ጻፊልኝ፣ ያንቺ እጅ ይፈጥናል" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ስድስት ሰዓት ተኩሉን በዚያችው በምልክቷ አድርጊልኝ" አለችኝ። ስድስትን ጻፍኩ። ፊደሉን ቀየርኩ። ቁልፏን ይዤ ዜሮ፣ አንድ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ አልኩ። ግማሿ ጥርት ብላ ወጣች።

እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እኔ የዚያን ዕለት ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሳሁም።